ያልተዘመዘመ ጠርዝ

ቤት ሁለት በር ሊኖረው ይችላል፤ ሰው ግን ሁለት ዓይነት ሆኖ አይወለድም። በዚህ የማይስማማ አንባቢ ከአሁኑ ገጹን ይግለጥና ወደ መስቀለኛ ቃላቱ ይለፍ፤ የሚከተለው ታሪክ ያናድደዋል።

የዳይሬክተሯ ቤት የፊት በር ወፍራም ጣውላ ነው። የናስ እጀታው ፊት እስኪያሳይ ድረስ ይወለወላል፤ ወደ ሳሎን ያስገባል። የጓሮው በር ቀለሙ የተላጠ ቆርቆሮ ነው፤ ወደ ኩሽና ያስገባል። ልብስ ሰፊው ለዚህ ቤት መጋረጃ፣ የሶፋ ልብስና ቀሚስ ሲሰፋ ዓመታት ቢያልፉም የናሱን እጀታ ነክቶ አያውቅም። የከለከለው የለም። ቢከለከልማ ይሻለው ነበር፤ ከክልከላ ጋር ሰው ይጣላል፣ ወይ ያሸንፋል ወይ ይሸነፋል። ጡረታ የወጡት ዳይሬክተር ግን ትምህርት ቤት ሲመሩ በኖሩበት ዘመን ያካበቱትን ትሕትና ነው የሚመዙበት። «እርስዎ በጓሮ በኩል ይቀርብዎታል» ይሉታል፣ ፈገግ ብለው። ዱላ ቢያንስ ሰምበር ያወጣል፣ ለሰው ይታያል፤ እንዲህ ያለው ጨዋነት ግን የተመታውን ሰው አመስጋኝ አድርጎ ይሸኘዋል።

ያን ዕለት ጠዋት ልብስ ሰፊው በቆርቆሮው በር የገባው በላስቲክ የተሸፈነ ቀሚስ በክንዱ ላይ አጋድሞ ነው። ቀሚሱን የምትለብሰው የዳይሬክተሯ አንድያ ልጅ ናት።

እሷ ፋርማሲስት ናት። እሱ በካውያ የተቃጠለ ጣቱን ይዞ መድኃኒት ቤቷ የሄደ ጊዜ ቅባት ሰጥታ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ብላ ሸኘችው። እሱም በቀን ሁለት ጊዜ እየተመለሰ ጣቱን ያሳያት ጀመር። ጣቱ ዳነ፤ መመላለሱ ግን አልዳነም። ከሥራ መልስ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እሷ ቀኑን ሙሉ ያናደዷትን ሰዎች በተራ ትዘረዝራለች፣ እሱ ያዳምጣል። እሷ ቶሎ ትቆጣለች፣ እሱ ቀስ ብሎ ይስቃል። እንዲህ ሆነው አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሲያልፍ፣ ከእሱ አፍ መውጣት የነበረበት ቃል አልወጣም። እሷም ጠበቀች፤ መጠበቅ የማታውቀዋ ሴት ለዚህ ብቻ ጠበቀች።

ከዚያ ቀሚሱ ታዘዘና አግዳሚው ባዶ ሆነ።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባሕር ማዶ የሚሠራ የአንድ ቀዶ ሐኪም ወላጆች ይመጣሉ። ልጅቱን ያያሉ፤ ከወደዷት ቀን ቆርጠው ይሄዳሉ። እሷ እሺም እምቢም አላለችም። አንድ ሰው እንዲናገር እየጠበቀች ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ ተቀምጦ ቀሚሱን ሰፋ።

ኩሽና ሲገባ እስከ ክርኗ ድረስ ዱቄት ለብሳ አገኛት። ፀጉሯ ላይ፣ ቅንድቧ ላይ፣ ሌላው ቀርቶ ጆሮዋ ላይ ዱቄት አለ። ጠረጴዛው ላይ የገበታ ቅቤ ቀልጦ ወደ ጠርዙ ይፈሳል፤ እሷ በሁለት እጇ ልታግደው ትሞክራለች፤ ቅቤው በጣቶቿ መሀል ያመልጣታል። ስልኳ ከስኳር ዕቃው ላይ ተደግፎ አንዲት ሴትዮ በፈገግታ ሊጥ ስታጥፍ ያሳያል። ፋርማሲስቷ ያንን ፈገግታ የምትመለከተው ሰው ባላንጣውን በሚያይበት ዓይን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀዶ ሐኪሙ እናት በአንድ ግብዣ ላይ፣ ከሱቅ የተገዛ ጣፋጭ አፌ አይገባም አሉ። ዳይሬክተሯ የሚበለጡ ሴት አይደሉምና፣ ልጄ በገዛ እጇ ነው የምትሠራው፣ ያንን ቅጠል በቅጠል የሚሆነውን ድርብርብ ጭምር ብለው መለሱ። ልጃቸው በሕይወቷ ብስኩት እንኳ ጋግራ አታውቅም። ይህ የሊጥ ነገር ዳይሬክተሯ በዚያ ሰሞን ከዋሹት ውሸት ትንሹ ነበር፤ ትልቁ ቆይቶ ይመጣል።

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። ቀሚሱንም አየችው። ከስንት ሳምንት ዝምታ በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ፣

«ማጠፍ ትችላለህ?» የሚል ሆነ።

«እንጀራዬ እኮ ነው።»

«እንግዲያው እጅህን ታጠብ።»

ቀሚሱን በሩ ላይ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለ፤ እጅጌውን ሰበሰበ። የልብስ መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ ማውረድ ረስቶ ነበር፤ እሷም አላስታወሰችውም።

*

የእሷ እጅ ትኩስ ነው፤ የነካችው ቅቤ ሁሉ ይቀልጣል። የእሱ እጅ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ አግዳሚው ላይ ሳሉ ትቀልድበት ነበር፣ የሬሳ እጅ ነው ያለህ እያለች። ዛሬ ያ እጅ ተፈላጊ ሆነ። የቀለጠውን ጠርገው ጣሉና ከፍሪጅ ሌላ ቅቤ አወጡ። ቅቤውን በሁለት ወረቀት መሀል አድርጎ በመዳመጫው እንጨት ቀስ ብሎ እየደበደበ እንደ መጽሐፍ ሽፋን ጠፍጣፋ አደረገው። እሷ ዱቄቱን፣ ውኃውንና ጨውን መድኃኒት በሚመዝን ሰው ጥንቃቄ መዝና አቡክታ ነበርና፣ ሊጡን ዳመጡት። ቅቤውን መሀሉ ላይ አስተኙት። ሊጡን ከአራቱም አቅጣጫ አጠፉበት።

«ገበር ነው» አለ እሱ። ቅቤው እንደ ኮት ገበር ውስጥ ገባ ማለቱ ነው።

ዳመጡት፤ ረዘመ። እንደ ፎጣ በሦስት አጠፉት። አዙረው እንደገና ዳመጡት። እንደገና አጠፉት። የእሱ እጥፋት አንድም ጊዜ ወዲህ ወዲያ አላለም፤ ጠርዝ ከጠርዝ እየገጠመ ቁጭ ይላል። እሷ ቢላ አንስታ ጫፉን ትንሽ ቆረጠች፤ ለማየት ብቻ፣ ትዕግሥት ስላጣች።

ሁለቱም ጎንበስ አሉ።

በተቆረጠው ጎን ላይ መስመሮች ነበሩ። ነጭ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቢጫ፤ አንዱ በሌላው ላይ ተኝቶ፣ አንዱ ከሌላው ሳይቀላቀል፣ በእርሳስ የተሰመሩ እስኪመስሉ ቀጥ ያሉ። ያን የሠሩት እነሱ ናቸው። ዱቄት፣ ውኃና ቅቤ ብቻ ነበር፤ የተጨመረበት ማጠፍ ብቻ ነው። ፋርማሲስቷ በማጉያ መነጽር ብዙ ነገር አይታለች፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን በገዛ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ አይታ አታውቅም። ትከሻዋ ትከሻውን ነክቷል። ማናቸውም አላነሱትም።

«አሁን ይረፍ» ይላል ስልኩ።

ሊጡን ጠቅልለው ፍሪጅ አስገቡት፤ እንዲያርፍ፣ ቅቤው እንዲጠነክር። ዕረፍት ለእሷ ቅጣት ነው። የፍሪጁን በር ከፍታ አየች፣ ዘጋች፣ ከፈተች። እሱ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆሞ ያያታል። እሷ ዘወር ስትል ዓይኑን ወደ ቀሚሱ ይመልሳል፤ እሱ ወደ ቀሚሱ ሲያይ እሷ ፊቷ ይጠቁራል።

በዚህ መሀል ዳይሬክተሯ ከፀጉር ቤት ተመልሰው በሳሎኑ በር ብቅ አሉ። ኩሽናውን በሙሉ፣ እስከ ልብስ ሰፊው ዱቄታም ጫማ ድረስ፣ ፈተና እንደሚያስፈትን ሰው ተመለከቱ።

«እርስዎ ደግሞ ዱቄትም ይሰፋሉ እንዴ?»

«ከተቀደደ እሰፋለሁ፣ እትዬ።»

ዳይሬክተሯ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን ተቆጣጠሩት። ሻይ በጓሮው ደረጃ ላይ እንደሚቀርብለት፣ ሥራው ሲያልቅም በዚያው በኩል እንደሚሸኝ ነገሩትና ለልጃቸው ሰዓቱን አሳሰቡ። ሲወጡ እጃቸው በሩን ትንሽ ያዝ አደረገው። ለወትሮው የማይፈሩ ሴት ናቸው፤ በሥራ ዘመናቸው ተማሪም፣ ወላጅም፣ ባለሥልጣንም ፊት ቆመው «አላውቅም» ብለው አያውቁም። ዛሬ ስማቸው ፍሪጅ ውስጥ ባለ ሊጥ ላይ ተንጠልጥሏል።

ልጅቱ ይህን አየች። ልትቆጣቸው አስባ ነበር፤ አዘነችላቸው፤ ከዚያ ስላዘነች ተናደደች።

*

አጠፉ፣ ዳመጡ፣ አሳረፉ፤ ደግሞ አጠፉ። በመጨረሻ ሊጡን ለሁለት ከፈሉት። ግማሹን ፋርማሲስቷ ወደ ፍሪጅ መለሰችው፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ መደርደሪያ ላይ አውጥቶ የሚጨርስ ሞኝ ነው ትላለች። ሌላውን ግማሽ ልብስ ሰፊው በሜትሩ ለክቶ እኩል እኩል ካሬ አድርጎ ቆረጠው። መሀላቸው ላይ ማርማላታ በማንኪያ አደረገች።

እዚህ ላይ እጁ ራሱን ችሎ መሥራት ጀመረ።

የተቆረጠ ጠርዝ ፊቱ አለ፤ ክሩ የሚታይ፣ ገመናው የወጣ። ልብስ ሰፊ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። እያንዳንዱን ካሬ ዙሪያውን ወደ ውስጥ አጠፈው፤ እንደገና አጠፈው፤ በጣቱ ጫን ጫን እያለ ዘመዘመው። ከዚያ በብሩሽ እንቁላል ከላይም፣ ከጎንም፣ በየስንጥቁም ቀባው፤ አንድም የተከፈተ ነገር አልቀረም። ትሪው ላይ ሲደረደሩ ለሙሽራ የተሰፉ ትንንሽ ትራሶች ይመስሉ ነበር። እሷ ሳታስበው እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ቆንጆ ነበሩ፤ ቀሚሱም እንዲሁ ቆንጆ ነበር፤ አንድም ስፌት የማይታይበት፣ አንድም ነገር የማይናገር።

ትራሶቹ ኦቨን ገቡ። ወጡ።

የወጣው ነገር ጫማ ጥገና ቤት ቢሄድ ተረከዝ ይሆን ነበር። ጠፍጣፋና ጠንካራ ነው፤ አንዳንዱ በአንድ ጎኑ ብቻ ፈንድቶ ተንጋድዷል፤ ቅቤው ከሥሩ ወጥቶ ትሪው ላይ ይጠበሳል። ፋርማሲስቷ አንዱን አንስታ ጠረጴዛውን መታችበት። ጠረጴዛው ጮኸ፤ ጣፋጩ ምንም አልሆነም። ልብስ ሰፊው ምን እንዳጠፋ አያውቅም፤ እንከን እየፈለገ ያገላብጠዋል፣ እንከን የለውም።

ልጅቱ አክስቷ ዘንድ ደወለች፤ የአባቷ እህት ናቸው። በትልቅ ሆቴል ኩሽና ሲጋግሩ ኖረው እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቤት ገብተዋል፤ አፋቸው ግን አልተንቀጠቀጠም፣ ዘመድ ሁሉ እትዬ ጥይት ይላቸዋል። ፎቶ ተላከላቸው። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

«ይህን ማን ነው የገነዘው?» አሉ።

ልጅቱ ሰውየውን አየችው። «ልብስ ሰፊ ነው፣ አክስቴ። ጠርዙን ዘመዘመው።»

በስልኩ ውስጥ ረጅም ሳቅ ተሰማ፤ ሳል አስከተለ። እትዬ ጥይት ትንፋሻቸው ሲመለስ ነገሩን አስረዱ። ቅቤው ሲሞቅ በእያንዳንዱ ንብርብር መሀል እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱ ንብርብሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ጠርዙ ግን ተጣብቆ ከተዘጋ ምኑን ይገፋዋል? በሹል ቢላ አንዴ ቁረጡ፣ ጠርዙን በጣታችሁ አትንኩት፣ እንቁላሉ ከላይ ብቻ ይቀባ፣ በጎን አንዲት ጠብታ እንዳይወርድ፣ እስኪነሳም ኦቨኑን እንዳትከፍቱ አሉ። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ድምፃቸው ዝግ አለ።

«ስማ አንተ ልጅ። ሁሉን ነገር አሳምረህ ዘግተህ፣ ለምን አልተነሳም ትላለህ?»

ስለ ሊጥ ብቻ ነበር የተናገሩት። እሱ ግን ሌላ ነገር እንደተጠየቀ ሰው እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ።

*

የተረፈው ግማሽ አንዴ ተዳምጦ፣ ታጥፎ፣ እንደገና ማረፍ ነበረበት። ለሌላ ሙከራ ጊዜ የለም፤ ሰዓቱ ወደ ዘጠኝ እየተጠጋ ነው። ከሳሎኑ የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል፤ ዳይሬክተሯ ብርጭቆ እያስተካከሉ ነው።

ልጅቱ የፍሪጁን በር ዘግታ ተደገፈችበት።

«ቀሚሱን ሳየው ምን እንዳልኩ ልንገርህ?» አለች። «የሚወዳት ሴት ለሌላ ሰው የምትለብሰውን እንዲህ አሳምሮ የሚሰፋ ሰው የለም አልኩ። መርፌው እንኳ አልወጋህም።»

«ወግቶኛል።»

«የት? አንዲት የደም ጠብታ የለችበትም።»

«አጥቤው ነው።»

እሱ የሜትሩን ጫፍ በጣቱ ይጠቀልላል፣ ይፈታል።

«እምቢ አልሰፋም ማለት አቃተህ?» አለች። ድምፅዋ የተሰበረው አሁን ነው። «ይህን ያህል ጊዜ አጠገቤ ስትቀመጥ፣ አንዲት እምቢ አጣህልኝ?»

«አንቺ ፈልገሽ ነው ተባልኩ።» ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ቃሉን ከሩቅ የሚጎትተው ይመስላል። «ደስ ብሏታል፣ ለዚያ ቀን የምለብሰውን እሱ ካልሰፋው ብላለች፣ ተባልኩ። ከዚያ በኋላ እምቢ ብል ማንን ነው እምቢ የምለው? የመጨረሻ ነገር ከለመንሽኝ፣ ከሰፋሁት ሁሉ በላይ አድርጌ ልሰጥሽ ነው የተቀመጥኩት።»

እሷ የተደገፈችበትን ፍሪጅ ለቀቀች።

«ለእኔ ደግሞ» አለች፣ «ደስ ብሎት ተቀበለ፣ ለመልካም ቀን ይሁንላት ብሎ መረቀሽ፣ ተባልኩ።»

ሁለቱም ማን እንዳለ አልተጠያየቁም። ሁለቱም የሳሎኑን በር ተመለከቱ፤ ከበስተጀርባው ብርጭቆ ከብርጭቆ ይጋጫል።

እንግዲህ ትልቁ ውሸት ይኸው ነው። ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች፣ ሁለቱም ምርቃት የሚመስሉ፤ ማንንም ያልሰደቡ፣ በማንም ላይ ድምፅ ያላሰሙ። ሁለት ሰው ሳምንታት ሙሉ በየፊናው ሲታመም የከረመው በእነሱ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር «እናት ናት፣ ለልጇ አስባ ነው» ብለው የሚያልፉ አሉ። አስበው ይሆናል። የሌላውን ሰው አፍ ተውሶ መናገር ግን ሌብነት ነው፤ እናትም ብትሠራው ሌብነት ነው።

ልጅቱ ወደ ሳሎኑ በር ተነሳች፤ ፊቷ ነዶ ነበር። እሱ ከፊቷ ቆመ። አልነካትም።

«ቆይ።»

«ምን ልቆይ? ዘንድሮ ሙሉ ስቆይ አልነበር!»

«አንቺ ከተናገርሽው ጠብ ይሆናል። እኔ ከተናገርኩት ግን ጥያቄ ነው። ጥያቄው የእኔ ነው፤ ተዪልኝ።»

«መቼ?»

ዓይኑ ወደ ትሪው ሄደ። ልብስ የሚሰፋ ሰው ስፌቱ ከታየ አላወቀበትም ብሎ ሙያውን ያስተማረው ጌታው ነበረ፤ እሱም ዕድሜውን ሙሉ ስፌቱን ወደ ውስጥ ሲደብቅ ኖሯል። በልብስ ላይ ሙያ ነው። በሰው ላይ ሲሆን ምን እንደሚመስል ትሪው ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ተቀምጧል።

እሷ ዓይኑን አየች። ፈርቷል፤ ፍርሃቱን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልሸፈነውም፣ እንድታየው ተወላት። ቁጣዋ የት እንደገባ አላወቀችም።

*

ሹሉን ቢላ እሷ ያዘች። ያረፈውን ሊጥ አንዴ፣ ቀጥ አድርጋ፣ ሳትመላልስ ቆረጠች። በየካሬው መሀል ማርማላታ አደረገች፤ በብሩሹ ጫፍ ከላይ ብቻ እንቁላል አስነካች። እሱ ሁለት እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ ቆመ፤ የተተረተረውን ጠርዝ እያየ ጣቶቹ ይቁነጠነጣሉ።

«አትንካ» አለችው።

«አልነካም።»

«እጅህን አሳየኝ።»

አሳያት። ልትስቅ ነበር፤ ተወችና ትሪውን አነሳች።

ትሪው ገባ። የኦቨኑ መብራት በርቶ ነበርና ሁለቱም በመስታወቱ ፊት ተንበረከኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ካሬዎቹ ቀጫጭን ሆነው፣ የተጣለ ካርቶን መስለው ተኝተዋል። ከዚያ ቅቤው መንጫጨት ጀመረ። ከዚያ በአንዱ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ጠርዙ ከፍ አለ። ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ትከሻውን እንደሚያነሳ፣ ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ ደግሞ። ተጣብቀው የተኙት ንብርብሮች አንድ በአንድ መለየት ጀመሩ፤ በመሀላቸው አየር ገባ፣ ብርሃን ገባ። ጎረቤቱ ተነሳ። የዚያኛው ጎረቤት ተነሳ። ትሪው በሙሉ፣ ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያዘው፣ በዝምታ ወደ ላይ ይሄድ ጀመር። ሊጡ እርሾ የለውም፤ ምንም የሚያስነሳ ነገር አልተጨመረበትም፤ ያለው ያው የታጠፈው ነው። ቅጠሎቹ ተቆጥረው አያልቁም። እንደ ወርቅ ቀለም እየያዙ፣ እየሳሱ፣ እየተንቀጠቀጡ ይረዝማሉ። ፋርማሲስቷ መተንፈስ ረስታ ነበር።

የሳሎኑ በር ተከፈተ። ዳይሬክተሯ የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል፣ አንገታቸው ላይ ዕንቁ አድርገዋል፣ ከንፈራቸው ላይ የተዘጋጀ ቁጣ አለ። ልጃቸውንና ልብስ ሰፊውን መሬት ላይ እንደተንበረከኩ አዩዋቸው።

«ምን ወድቆባችሁ ነው?»

«እማዬ፣ ነይ እዪ» አለች ልጅቱ፣ ፊቷን ሳትመልስ።

በድምፅዋ ውስጥ ዳይሬክተሯ ከልጅነቷ በኋላ ያልሰሙት ነገር ነበር። ቀረብ አሉ። ጎንበስ አሉ፤ አልታያቸውም። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ በልጃቸውና በልብስ ሰፊው መሀል ተንበረከኩ። ሦስት ፊት በአንድ መስታወት ውስጥ ታየ፤ ከሦስቱ ፊቶች ጀርባ ያ ነገር ይነሳል።

ዳይሬክተሯ እጃቸውን ወደ መስታወቱ ዘረጉ፣ ሙቀቱ መለሳቸው፤ እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። አፋቸው እንደ ልጅ ተከፍቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ዕድሜ ልካቸውን በሳሎን ሲበሉ ኖረዋል፤ ሲነሳ ያዩት ግን ዛሬ ነው።

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ከመስታወቱ ሳያነሳ ተናገረ።

«እትዬ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ። ቀሚሱን የሰፋሁት ለእሷ ነው፤ ለእንግዶቹ አልሰፋሁትም። እንድታገባኝ ልጠይቃት ነው። በጓሮ በር ሹልክ ብዬ እንዳልጠይቃት፣ እርስዎ ባሉበት ይሁን አልኩ።»

ልጅቱ እናቷን አላየችም፤ እሱንም አላየችም። ሁለቱንም መስታወቱ ውስጥ አየቻቸው። የእናቷ ፊት መጀመሪያ ጠነከረ፤ ከዚያ ዕንባ ይሁን ሙቀት የማይለይ ነገር በዓይናቸው ጠርዝ አበራ።

«ዝም በል» አሉ ዳይሬክተሯ፣ በሹክሹክታ። «እየተነሳ ነው።»

የፊት በሩ ደወል ጮኸ። ማንም አልተነሳም።

ልጅቱ በእናቷ ጆሮ አጠገብ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ሁለቱም የተነገራቸውን እንደተነጋገሩ፣ ከእንግዲህ ግን መልሷን ሌላ ሰው እንዲመልስላት እንደማትፈልግ ነገረቻቸው። የእሷ መልስ እሺ እንደሆነም ነገረቻቸው። ይህን ስትል ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፈነ።

ደወሉ ደግሞ ጮኸ። ዳይሬክተሯ የጠረጴዛውን ጫፍ ይዘው ተነሱ። ዕንቁውን አስተካከሉ፤ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ዱቄት አራገፉ፤ አልለቀቀም።

«ምን እንደምመልስ…» አሉና ቆሙ። ሁለቱም ጠበቋቸው። «አላውቅም» አሉ። ቃሉ ለአፋቸው እንግዳ ነበርና ራሳቸው ገረማቸው።

ትሪው ወጣ። ከፍታው ከትሪው ጠርዝ በላይ ነው፤ ሲቀመጥ ቅጠሎቹ ሲረግፉ የሚሰማ ቀጭን ድምፅ ነበረው። ዱቄት ስኳር ተነሰነሰበት። ልጅቱ ልታነሳው ስትል ዳይሬክተሯ ትከሻዋን ያዝ አደረጓት፤ ወደ ሚስማሩ፣ ወደ ተሰቀለው ቀሚስ አዩ፤ ልብሺው ሊሉ መስሏት ነበር። አላሉም።

«ይከብዳታል» አሉ ለልብስ ሰፊው። «አንተ ያዝላት።»

ትሪውን ያዘ። እግሩ በልማድ ወደ ቆርቆሮው በር ዞረ፤ ዳይሬክተሯ ግን የሳሎኑን በር በጀርባቸው ገፍተው ከፍተው ቆመው ነበር፣ ፊታቸው ወደ ሌላ ዞሮ።

ምንጣፉ ላይ የመጀመሪያ እርምጃውን ሲያደርግ ጫማው ነጭ አሻራ ተወ። ከትሪው ላይ ወርቃማ ቅርፍት እየተነሳ በየእርምጃው ይረግፋል። ዳይሬክተሯ አዩት፤ እንግዶቹን ሊቀበሉ ወደ ናሱ እጀታ ሄዱ።

ፋርማሲስቷ በዱቄታም ሽርጧ፣ ቅንድቧ እንደነጣ፣ ከኋላው ተከተለች። ሜትሩ አሁንም አንገቱ ላይ ነው። እናቷ ነገ ምን እንደሚሉ አታውቅም፤ እንግዶቹ አሁን ምን እንደሚሉ አታውቅም። ጀርባውን እያየች፣ የሚረግፈውን እያየች፣ በዚያ ሰፊ ምንጣፍ ላይ ቀስ ብላ ተራመደች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የትም ለመድረስ አልቸኮለችም።